ለያዕቆብ ያልተነገረው ነገር

በየዓመቱ ነሐሴ 28 ቀን የአባቶችን የአብርሃምን፥ የይስሐቅንና የያዕቆብን መታሰቢያ ስናከብር፥ ስለ ያዕቆብ የሚነገረው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገር ላይ ያርፋል። አንደኛው በቤቴል በሕልሙ ያየው ከምድር እስከ ሰማይ የደረሰው መሰላል ነው፤ ሁለተኛው በስተእርጅናው ልጁን ዮሴፍን በግብፅ ምድር በክብር ተቀምጦ ማግኘቱ ነው። መሰላሉን ሊቃውንት በእመቤታችን ይመስሉታል፤ የዮሴፍንም መሸጥ በጌታችን መሸጥ ይመስሉታል። ይህ የአባቶች ትርጓሜ ስለ ሆነ እኛ የምንጨምርበትም የምንቀንስለትም የለም። ነገር ግን በመሰላሉና በግብፁ ደስታ መካከል የተቀመጠው የያዕቆብ የረጅም ዘመን ኀዘን፥ በስብከታችን ውስጥ ፈጥነው እንደሚሻገሩት ድልድይ ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ በዚያ ድልድይ ላይ ጥቂት ለመቆም የታሰበ ነው።

ይህንም እንድጽፍ ያስገደደኝ አገሩ ነው። ኦሪት ዘፍጥረትን በጅማ ወይም በአጋሮ፥ በሊሙ ወይም በጎማ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ምዕራፍ 37 ላይ ሲደርስ የሩቅ አገር ታሪክ የሚያነብ አይመስለውም። የሰው ልጅ በገንዘብ ተለውጦ ከነጋዴ ጓዝ ጋራ የተነዳበት መንገድ ዛሬ ቡና ጭኖ መኪና የሚሄድበት መንገድ ነውና።

አስቀድሜ ስለ ድርሰቱ አሠራር እናገራለሁ። የያዕቆብን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ አድርጎ ያነበበ ሰው፥ ሁለት ዕቃዎች ደጋግመው ሲመጡ ያያል። እነርሱም ልብስና ፍየል ናቸው። ያዕቆብ በወጣትነቱ ዓይኑ የፈዘዘውን አባቱን ይስሐቅን ባታለለ ጊዜ የለበሰው የወንድሙን የዔሳውን ልብስ ነበረ፤ በእጁና በአንገቱ ላይ ያደረገውም የፍየል ጠቦት ቁርበት ነበረ። ልጆቹ እርሱን ባታለሉ ጊዜ ደግሞ ያመጡለት የወንድማቸውን የዮሴፍን ቀሚስ ነው፤ ቀሚሱንም የነከሩት በፍየል ደም ነው። ይስሐቅ ማየት ስላልቻለ ዳሰሰና ተታለለ፤ ያዕቆብ ግን በጤናማ ዓይኑ አይቶ ተታለለ። የኦሪቱ ጸሐፊ በዚህ ቦታ አንድ ቃል እንኳ አይጨምርም። ይህ የዚያ ብድራት ነው አይልም፤ ሁለቱን ዕቃዎች በፊታችን ያኖራል፥ ዝም ብሎም ያልፋል። ከእኛ ዘመን ደራስያን አንዱ ቢጽፈው ኖሮ ምክንያቱንና ትምህርቱን በሦስት ገጽ ባብራራልን ነበር።

የቁጥር ወዳጅ የሆነ አንባቢ ደግሞ አንድ ነገር ያስላ። ይስሐቅ ያዕቆብን ሲወልድ 60 ዓመቱ ነበረ፤ የሞተውም በ180 ዓመቱ ነው። ያዕቆብ በፈርዖን ፊት ሲቆም 130 ዓመት ሆኖት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ዮሴፍ 39 ዓመቱ ነው፤ ሲሸጥ ግን 17 ነበረ። እንግዲህ ቀሚሱ በመጣበት ቀን ያዕቆብ የ108 ዓመት ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ይስሐቅም በኬብሮን ገና በሕይወት ነበረ፤ ከዚያም በኋላ 12 ዓመት ኖሯል። በፍየል ቁርበት የተታለለው ሽማግሌ፥ ያታለለው ልጁ በፍየል ደም ሲታለል በምድር ላይ ነበረ። መጽሐፉ ይህን በግልጥ አይነግረንም፤ ለሚቈጥር ሰው ብቻ ትቶታል።

ከዚህ የሚበልጥ ጥበብ ደግሞ በልጆቹ ቃል ውስጥ አለ። ልጆቹ ለአባታቸው ዮሴፍ ሞተ አላሉትም፤ አውሬ በላው ብለውም አልዋሹም። ቀሚሱን ልከው የልጅህ ቀሚስ እንደ ሆነ እወቅ፥ መርምር ብለው ጠየቁት እንጂ። ውሸቱን በአፉ የተናገረው አባትየው ራሱ ነው። ክፉ አውሬ ልጁን እንደ በላው ከራሱ አውጥቶ ተናገረ፤ እነርሱም ዝም አሉ። እንግዲህ የያዕቆብ ልጆች ኃጢአት በዚያች ሰዓት ዝምታ ሆነ፤ ዝምታውም ቆየ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው የሚከተለው ነው። ያዕቆብ ልብሱን ቀድዶ ማቅ በለበሰ ጊዜ ወንዶች ልጆቹና ሴቶች ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ተነሡ ይላል ታሪኩ። ወንዶች ልጆቹ ማለት የሸጡት ናቸው። ልጁ በሕይወት እንዳለ፥ በ20 ብር እንደ ተሸጠ፥ በየትኛው መንገድ እንደ ሄደ የሚያውቁ ሰዎች ለቅሶ ቤት ገብተው ከአባታቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ አይዞህ አሉት። እርሱም መጽናናትን እንቢ አለ። ብዙ ሰባክያን ይህን የያዕቆብን እንቢታ የኀዘን ብዛት ያመጣው ድካም አድርገው ያስረዳሉ። እኔ ግን በታሪኩ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ትክክለኛውን ነገር ያደረገ እርሱ ብቻ ይመስለኛል። ከማን መጽናናትን ይቀበል ኖሯል?

የኦሪቱ ጸሐፊ ዮሴፍን የወሰዱትን ነጋዴዎች ሲያነሣ ጭነታቸውንም ይዘረዝራል፤ ሙጫና በለሳን ከርቤም በግመሎቻቸው ጭነው ከገለዓድ ወደ ግብፅ ይወርዱ ነበር ይላል። ስለ ጭነቱ መናገር ለታሪኩ የሚያስፈልግ አይመስልም፤ የአገራችንን የሲራራ ንግድ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ግን ምሥጢሩ ግልጥ ነው። በጊቤ ወንዝ ማዶ በነበሩት መንግሥታት ዘመን ከሊሙ እናርያ ከሰቃ ገበያ፥ ከጅማም ከሂርማታ ገበያ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ወርቅና ቡና ጭኖ፥ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ወደ ባሶ ገበያ፥ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምፅዋ ይሄድ ነበር። ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋራ የሰው ልጆችም ይነዱ ነበር። ዕቃው ይጫናል፤ ሰው ግን በእግሩ ስለሚሄድ ለነጋዴው ጭነት የሌለው ሸቀጥ ነው። ጸሐፊው ዮሴፍን ከሙጫና ከከርቤ ቀጥሎ ሲያገባው ነጋዴው ባየበት ዓይን አሳየን።

ይህ ንግድ በአንድ ቀን አልቆመም። አገራችን በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባችበት ዓመት ባሪያ መሸጥንና መለወጥን የሚከለክል አዋጅ ወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ሌላ ተጨመረ፤ ፈጽሞ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ነው። ጅማ በአባ ጅፋር ዳግማዊ እጅ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ በራሷ ባላባት ስትተዳደር የኖረች ስለ ሆነች፥ በቡናዋና በገበያዋ ብዛት የሚያመሰግኗት ጸሐፊዎች ሁሉ የሂርማታን ገበያ ሌላውን ገጽታ ማንሣታቸው አልቀረም። ነገር ግን በመጽሐፍ የተጻፈው ሌላ ነው፥ በቤት የሚነገረው ሌላ ነው። በእነዚህ የቡና ከተሞች አቦሉና ቶናው ሲጠጣ የአያት የቅድመ አያት ታሪክ ይነገራል፤ የማን አያት በገንዘብ እንደ መጣች፥ የማን አያት ደግሞ ገንዘቡን እንደ ከፈለ ግን በረካውም ተጠጥቶ ሲያልቅ አይነገርም። ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ ብቻ በሹክሹክታ ይወጣል፤ ያን ጊዜም የሚወጣው የተሸጠውን ወገን ሊያሳፍር እንጂ የሸጠውን ሊወቅስ አይደለም። ስለዚህ የያዕቆብን ድንኳን ዝምታ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

አሁን ወደ መጽሐፈ ኩፋሌ እመለሳለሁ። ይህ መጽሐፍ በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቈጠር ነው፤ ምሉዕ ሆኖ የተገኘውም በግዕዝ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1947 ወዲህ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የዕብራይስጡ ቍራጮች በተገኙ ጊዜ የግዕዙ ጥንታዊነት ለዓለም ሊቃውንት ይበልጥ ታወቀ። በቤታችን ያለውን ዕቃ ንቀን የጎረቤት እንደምንመኝ፥ ስለ ያዕቆብ ስንጽፍ ኩፋሌን ሳናነሣ የምንቀር ብዙ ነን።

ኩፋሌ ስለዚህ ኀዘን ሦስት ነገር ይጨምርልናል። የመጀመሪያው፥ ቀሚሱ ወደ ያዕቆብ የመጣው በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን በምሽት እንደ ነበረ መናገሩ ነው። ያዕቆብ ሌሊቱን ሁሉ አለቀሰ፤ ከኀዘኑም የተነሣ እንደ ንዳድ ያለ ትኵሳት ያዘው። ሁለተኛው፥ ኀዘኑ በእርሱ ላይ ብቻ አለመቅረቱ ነው። ባላ የዮሴፍን መጥፋት በሰማች ጊዜ እያለቀሰች ሞተች፤ ልጁ ዲናም ሞተች፤ በአንድ ወር ሦስት ለቅሶ በእስራኤል ቤት ሆነ። ኦሪት አንድ ልጅ ጠፋ ይላል፤ ኩፋሌ ግን አንድ ልጅ የተሸጠበት ቤት ስንት ሰው እንደሚያጣ ይቈጥራል። ወንድሞቹ ሁለት ሴቶችን በዝምታቸው እንደ ገደሉ ያወቁት አይመስልም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። የሰባተኛው ወር ዐሥረኛ ቀን በኦሪት ሕግ የማስተስረያ ቀን ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ ራሱን የሚያዋርድበት፥ ስለ ኃጢአቱም የፍየል ደም የሚፈስስበት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ሥርዐቱን ይነግረናል፤ ቀኑ ለምን ያ ቀን እንደ ሆነ ግን አይነግረንም። ኩፋሌ ምክንያቱን ይሰጣል፤ የያዕቆብ ልጆች በዮሴፍ ምክንያት የአባታቸውን ፍቅር ስላሳዘኑ፥ በዚያ ቀን በየዓመቱ በፍየል ጠቦት ይሰረይላቸው ዘንድ ተሠራ ይላል። አንባቢ ይህን ቀስ ብሎ ይመልከት። በመጀመሪያ ፍየል ይስሐቅን ለማታለል ታረደ፤ ሁለተኛ ፍየል ያዕቆብን ለማታለል ታረደ፤ ሦስተኛው ፍየል በየዓመቱ ስለዚያ ማታለል ይታረዳል። ኦሪት በዝምታ ያስቀመጠውን ዕቃ ኩፋሌ አንሥቶ ከመሠዊያው ላይ አኖረው። ደግሞም የኃጢአቱን ስም ሲጠራ መሸጡን ብቻ አላለም፤ አባትን ማሳዘን አለ። የተሸጠው ሰው በግብፅ ከብሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን በከነዓን ድንኳን የሆነውን አያስተካክለውም። አንድን ሕዝብ በሙሉ በዓመት አንድ ቀን ራሱን እንዲያዋርድ ያደረገው የአንድ አባት ለቅሶ ነው የሚለው ሐሳብ፥ በእኔ አስተያየት በኩፋሌ ውስጥ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ ጥልቁ ነው፤ ሲሰበክም የሰማሁት ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

በጅማ የሚኖር ሰው ስለ ያዕቆብና ስለ ዮሴፍ የሚሰማው ከእኛ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቁርዓን ይህን ታሪክ በአንድ ምዕራፍ በሱረቱ ዩሱፍ ሙሉውን ይተርከዋል። ሃይማኖትን ከሃይማኖት ጋራ ማከራከር የዚህ ገጽ ሥራ አይደለም፤ አተራረክን ከአተራረክ ጋራ ማስተያየት ግን የሐያሲ ግዴታ ነው። በዚያ አተራረክ ያዕቆብ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ልጆቹን አላመናቸውም፤ ነፍሳችሁ ክፉ ነገር አስዋበችላችሁ በሚል አሳብ መልሶላቸው በመታገሥ ኖረ፤ ከኀዘኑም ብዛት የተነሣ ዓይኑ ነጣ። ወደ ኋላም የዮሴፍ ቀሚስ መጥቶ በፊቱ ላይ በተጣለ ጊዜ ብርሃኑ ተመለሰለት። በኦሪት ቀሚሱ የሚያታልል ነው፤ በዚህ ደግሞ የሚፈውስ ቀሚስ ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ በአባታቸው ፊት በደለኞች እንደ ነበሩ ተናግረው ምሕረት እንዲለምንላቸው ይጠይቁታል፤ እርሱም እንደሚለምንላቸው ይነግራቸዋል።

ይህን ሳነብ ወደ ኦሪት ተመልሼ ያንኑ ትዕይንት ፈለግሁት፤ የለም። አባትና ልጆች ፊት ለፊት ተያይተው እኛ ሸጥነው የሚባልበት ቦታ በኦሪት ዘፍጥረት ውስጥ ከምዕራፍ 37 እስከ 50 ብንፈልግ አናገኝም። ኩፋሌም ቢሆን ልጆቹ ዮሴፍ በሕይወት እንዳለ ለአባታቸው እንደ ነገሩት፥ እርሱም እንዳላመነ፥ ሠረገላዎቹን ባየ ጊዜ መንፈሱ እንደ ታደሰች ይተርካል እንጂ፥ በደሉን ተናዘዙለት አይልም። ይህ ባዶ ቦታ የጸሐፊ መርሳት ነው ብዬ አላምንም፤ ፍየሉንና ልብሱን እንዲህ አስተካክሎ ያስቀመጠ ጸሐፊ ይህን አይረሳም።

ያዕቆብ ፈጽሞ አላወቀም ማለቴ አይደለም። በምዕራፍ 42 ስምዖን በግብፅ ታስሮ ሲቀር፥ ብንያምንም ሊወስዱበት ሲሉ፥ አባትየው ልጆቹን ያለ ልጅ ያስቀራችሁኝ እናንተ ናችሁ የሚል ወቀሳ ይወቅሳቸዋል፤ ዮሴፍንም ከስምዖን ጋራ አንድ አድርጎ ይጠራዋል። አውሬ የበላውን ልጅ በወንድሞቹ ላይ የሚቈጥር አባት ምን እያሰበ ነው? አሳቡ ግን ከአፉ እንደ ወጣ ወዲያው ይሸፈናል፤ ከልጆቹ የሚመልስለት የለም። ሮቤል ብንያምን መልሼ ባላመጣልህ ሁለቱን ልጆቼን ግደል ይላል፤ ስለ ዮሴፍ ግን አንድም ቃል አይተነፍስም። አንዱ ወገን ግማሹን ያውቃል፥ ሌላው ሙሉውን ያውቃል፤ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይበላሉ።

የይሁዳን ንግግር በምዕራፍ 44 የሚያደንቁ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ዮሴፍን ለመሸጥ አሳቡን ያመጣው ይሁዳ ነበረ፤ አሁን በብንያም ፈንታ ባሪያ ሆኜ ልቅር ብሎ ራሱን አቀረበ። ሻጩ ራሱን ለባርነት ሰጠ፤ ከዚህ የበለጠ ንስሐ በሥራ አይገኝም። ንግግሩም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ አባቱ ነው፤ የዮሴፍን ልብ የሰበረውም ያ ነው፤ ዮሴፍ ራሱን ሲገልጥ አስቀድሞ የጠየቀው አባቱ በሕይወት መኖሩን ነበርና። ነገር ግን በዚያው ንግግር ውስጥ ይሁዳ አንደኛው ወንድማችን ሲል አውሬ ሰባብሮታል የሚለውን የአባቱን ቃል ይደግማል። ሕይወቱን ሲሰጥ እንኳ ውሸቱን በአባቱ አፍ እንዳለ ይተወዋል። ሰው ነፍሱን ለመስጠት ይቀለዋል፤ የቆየ ዝምታን ለመስበር ግን ይከብደዋል። ዮሴፍ ወንድሞቹን ወደ አባታቸው ሲያሰናብት በመንገድ እንዳይጣሉ ማዘዙን ሊቃውንት በልዩ ልዩ መንገድ ይተረጕሙታል፤ ጠቡ ማን ለአባታችን ይንገረው በሚለው ላይ ሊሆን እንደሚችል እኔ እገምታለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ሁለት የአገራችን ሰዎች መናገር ይገባኛል፤ ይህን ምዕራፍ በሥጋቸው አንብበውታልና። አቶ ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወልደው፥ በሕፃንነታቸው አባታቸውን አጥተው፥ ገና ልጅ ሳሉ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወድቀው ከገበያ ወደ ገበያ ተሸጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 በምፅዋ ነጻ ወጡ። ወይዘሮ አስቴር ገኖ ደግሞ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነው፥ በቀይ ባሕር ላይ ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ሲወሰዱ፥ እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣልያ መርከቦች አግኝተው ነጻ አወጧቸው። ሁለቱም በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። የእምነታቸው መንገድ ከእኛ የተለየ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የሥራቸውን ዋጋ ግን አይቀንሰውም። አቶ ኦኔሲሞስ በወይዘሮ አስቴር እየተረዱ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። እንግዲህ ወንድሞቹ የሸጡትን ልጅ ታሪክ በኦሮምኛ መጀመሪያ ከሚያነብቡልን መጻሕፍት አንዱ፥ በተሸጡ ሰዎች ብዕር የተጻፈ ነው።

የአቶ ኦኔሲሞስ የልጅነት ስም ሂካ ነበረ፤ በኦሮምኛ መፍታትን፥ መተርጐምንም የሚያመለክት ቃል ነው። በአማርኛም ሕልም ይፈታል፥ ምሥጢር ይፈታል፥ እስረኛም ይፈታል እንላለን። ዮሴፍ የሌሎችን ሕልም ሲፈታ ከወኅኒ ተፈታ፤ ሂካም የሌሎችን ቋንቋ ሲፈቱ ለወገናቸው መጽሐፍ አተረፉ። ኦኔሲሞስ የሚለው ሁለተኛው ስም ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና የላከለት የአገልጋይ ስም ነው። ዮሴፍም በግብፅ ሌላ ስም ተሰጥቶት ነበር።

ኩፋሌ ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት በተፈተነ ጊዜ ያዳነው፥ አባቱ ያዕቆብ ከአብርሃም ቃል ያነብብለት የነበረውን ማስታወሱ ነው ይላል። ነጋዴው ቀሚሱን ሊገፍፍ ይችላል፤ በጆሮ የገባውን ግን ሊሸጠው አይችልም። ወይዘሮ አስቴርም በምንኩሉ ተቀምጠው ያደረጉት ይህንኑ ነው። በልጅነታቸው የሰሙትን የኦሮሞን ተረትና ምሳሌ፥ ዘፈንና እንቆቅልሽ ከልባቸው አውጥተው ጻፉ፤ ከዚያም ከአቶ ኦኔሲሞስ ጋራ ለትምህርት ቤት የሚሆን የንባብ መጽሐፍ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1894 በምንኩሉ አሳተሙ። አገራቸውን የሸጠባቸው ገበያ፥ የአገራቸውን ቃል አልወሰደባቸውም። ብዙ ጊዜ ሞክረው፥ ብዙ ጊዜም መንገድ ተዘግቶባቸው፥ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ገብተው በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ። ዮሴፍ ወደ አገሩ የተመለሰው በዐፅሙ ነው፤ እነዚህ በሕይወት ተመልሰዋል።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን የቆየ ነገር ማንሣት ለምን ያስፈልጋል፤ ዮሴፍ ራሱ ለወንድሞቹ እናንተ ለክፉ አሰባችሁ እግዚአብሔር ግን ለበጎ አደረገው የሚል ነገር ነግሯቸው የለምን ይሉኛል። እውነት ነው፥ ተናግሯል። ነገር ግን በድርሰት ምርመራ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህን ቃል ማን ተናገረው የሚል ነው። የተናገረው የተሸጠው ነው። ይሁዳ አልተናገረውም፤ ሮቤልም አልተናገረውም፤ ከአሥሩ አንዱ እንኳ በጎ ሆነልህ ለማለት አልደፈረም። በስብከታችን ግን ይህ ቃል ከዮሴፍ አፍ ተወስዶ ለሁሉ ይታደላል፤ የሻጭ ልጅ ለተሸጠ ልጅ እግዚአብሔር ለበጎ አድርጎታል ብሎ ሲያጽናናው ሰምቻለሁ። ያ ማጽናናት ወንዶቹ ልጆች በያዕቆብ ድንኳን ገብተው ከተናገሩት ጋራ አንድ ነው።

ያዕቆብ በፈርዖን ፊት ቆሞ ስለ ዕድሜው በተጠየቀ ጊዜ ዘመኖቹ ጥቂትና ክፉ እንደ ነበሩ መለሰ። ልጁ ከንጉሥ ቀጥሎ ተቀምጦ ሳለ፥ የግብፅ ስንዴ ሁሉ በልጁ እጅ ሳለ፥ ይህን ተናገረ። የ22 ዓመት ኀዘን በአንድ መተቃቀፍ እንደማይደመሰስ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላየሁም። ከዚያም በኋላ በግብፅ 17 ዓመት ኖረ፤ ዮሴፍ ከመሸጡ በፊት ከአባቱ ጋራ የኖረውም 17 ዓመት ነበረ። ጸሐፊው የተወሰደበትን በልክ መለሰለት።

ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ በባረካቸው ጊዜ ስለ ዮሴፍ ሲናገር ቀስተኞች እንዳስጨነቁት፥ እንደ ወጉትም፥ እንደ ጠሉትም ይጠቅሳል። እነዚህ ቀስተኞች እነማን ናቸው? በአልጋው ዙሪያ ቆመው የሚሰሙት ናቸው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። እንዲህ ከሆነ ሽማግሌው ሳይነገረው ያወቀውን በግጥም ሸፍኖ ነግሯቸዋል፤ እነርሱ ሳይጀምሩት የቀሩትን ነገር እርሱ በመጨረሻው ቀን ጀመረላቸው። በዚያን ጊዜ ግን የመለሰለት የለም፤ እግሮቹን ወደ አልጋው ሰብስቦ ሞተ።

ወደ ከነዓን አምጥተው በማክፌላ ዋሻ ከይስሐቅና ከአብርሃም ጋራ ቀበሩት። ከቀብሩ ሲመለሱ ወንድሞቹ ዮሴፍን ፈሩ፤ አባታችን ከመሞቱ በፊት ይቅር እንድትለን አዝዟል የሚል መልእክት ላኩበት። አባትየው እንዲህ ማዘዙን ኦሪት በሌላ ቦታ አልጻፈም። በመጀመሪያ ቀሚሱን በሰው እጅ ልከው ነበር፤ አሁንም ቃላቸውን በሰው እጅ ላኩ። ዮሴፍ መልእክቱን ሰምቶ አለቀሰ። ከዚህ በኋላ ነው ወንድሞቹ ራሳቸው መጥተው በፊቱ የወደቁት፤ በደላቸውንም በስሙ የጠሩት ያን ጊዜ ነው፤ ያዕቆብ ግን በማክፌላ ነበረ።